የጋራ ሐሳብ ረቂቅ፦ ኮምፓይል ዳታቤዝ ለሲ እና ለሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮጀክቶቻችን

ጸሐፊ፦
እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ አራት ኪሎ ስንገናኝ የምናጸድቀው ረቂቅ ይኸው። ዓላማው ማንኛውም አባል የማኅበሩን ፕሮጀክት በኤዲተሩ ሲከፍት ክላንግዲ (ኮዱን እያነበበ ስህተት የሚያሳይ የኤዲተር ረዳት ፕሮግራም) ወዲያው እንዲሠራለት ነው። ለዚህ ኮምፓይል_ኮማንድስ.ጄሰን ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ሶርስ ፋይል ከየትኛው ፎልደር፣ በምን ትእዛዝ ኮምፓይል እንደሚደረግ (ወደ ማሽን ቋንቋ እንደሚተረጎም) የተመዘገበበት ፋይል ማለት ነው፤ ዳታቤዝ የምንለውም እሱን ነው። አሁን ያለው ሐሳብ «በቤር ይመንጭ፣ ሪፖ ውስጥ ይቀመጥ» የሚል ነው፤ ቤር ግንባታ ሲካሄድ የኮምፓይለሩን ትእዛዞች የሚመዘግብ መሣሪያ፣ ሪፖ ደግሞ የጋራ የኮድ ማከማቻው ነው። አስተያየታችሁን።

ከፒያሳ ቡድን፦
ረቂቅዎን አንብበነዋል፤ በሁለቱም ነጥብ አንስማማም። ፋይሉ ውስጥ ያሉት ፓዞች (የፋይል አድራሻዎች) አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ፓዞች ስለሆኑ የአንዱ አባል ፎልደር ሌላው ማሽን ላይ አይገኝም። ሪፖ ውስጥ ከገባ ሰው ፑሽ ባደረገ ቁጥር ይጋጫል። ፋይሉ ጊትኢግኖር (ሪፖ ውስጥ የማይገቡ ፋይሎች ዝርዝር) ላይ ይጻፍ፤ ሪፖ ውስጥ መግባት ያለበት የሚያመነጨው ትእዛዝ ነው።

ሲሜክ (ግንባታን የሚያዋቅር መሣሪያ) ላይ ላለ ፕሮጀክት ደግሞ ቤር አያስፈልግም። ሲሜክ_ኤክስፖርት_ኮምፓይል_ኮማንድስን ኦን ማድረግ ይበቃል፤ ከ3.17 ጀምሮ በኢንቫይሮመንት ቫሪያብልም ይታዘዛል። የሚሠራው ግን በሜክፋይልና በኒንጃ ጄኔሬተር (ሲሜክ የግንባታ ፋይሎችን በሚያወጣበት ዓይነት) ብቻ ነው። በቪዥዋል ስቱዲዮ ጄኔሬተር ያዋቀረ ሰው ትእዛዙ ችላ ይባልበትና ፋይሉን ቢፈልግ አያገኘውም። ሌላው፣ ሲሜክ ዳታቤዙን የሚያወጣው ሲያዋቅር ስለሆነ በግንባታ ጊዜ የሚፈጠሩ ሄደሮች (ሶርስ ፋይሎች የሚያካትቷቸው የማወጃ ፋይሎች) ገና አይኖሩም። አንዴ ሙሉ ግንባታ እስኪካሄድ ኤዲተሩ በቀይ ቢያሰምርባቸው አትደንግጡ። ሜሶን (እንደ ሲሜክ ያለ ሌላ መሣሪያ) ከኒንጃ ጋር ሲሆን ሳይጠየቅ ያወጣዋል፤ እሱ ላይ ጊዜ አናጥፋ።

ከስድስት ኪሎ ቡድን፦
እኛ ጋ ያሉት በእጅ የተጻፉ ሜክፋይሎች (ሜክ የሚባለው የግንባታ ፕሮግራም የሚያነባቸው መመሪያዎች) ናቸው፤ ቤር ግድ ነው። ረቂቁ ግን «ቤርን አስኪዱ» ብሎ ብቻ ካለፈ ግማሹ አባል ጎዶሎ ፋይል ይዞ ይቀራል። ቤር ሜክፋይሉን አያነብም፤ ሜክ የሚጠራቸውን ፕሮግራሞች እየጠለፈ ኮምፓይለሩን ይመዘግባል። ያልተጠራ ኮምፓይለር አይመዘገብም። ኦብጀክት ፋይሉ (የአንድ ሶርስ የኮምፓይል ውጤት) ቀድሞ ከተሠራ ሜክ ይዘለዋል፣ ዳታቤዙም ያንን ሶርስ አያውቀውም። ፋይሉ ሁለት ማዕዘን ቅንፍ ብቻ ይዞ ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ ሜክ «የሚሠራ የለም» ብሎ ወጥቷል ማለት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሜክ ክሊን (የቀድሞውን ግንባታ ውጤት ማጥፋት)፣ ከዚያ «ቤር -- ሜክ» ይሁን። በመሃል መብራት ከሄደም ካቆመበት አይቀጠልም፤ እስከዚያ የተሠሩት ኦብጀክቶች ዲስክ ላይ ስላሉ ሁለተኛው ዙር ይዘላቸዋል። ከክሊን መጀመር ነው። ሁለቱ ሰረዞች የቤር 3 አጻጻፍ ናቸው፤ ኡቡንቱ 20.04 ላይ ያለው ከዚያ የቀደመው ስለሆነ ያለ ሰረዝ «ቤር ሜክ» ይባላል።

ከሜክሲኮ ቡድን፦
እኛ ማይክሮኮንትሮለር ላይ ነን። ዳታቤዙ የተሟላ ሆኖ ሳለ ኤዲተሩ «ስትሪንግ.ኤች አልተገኘም» የሚልበት ጊዜ አለ። የአርም ጂሲሲ (ለማይክሮኮንትሮለር የምንጠቀምበት ኮምፓይለር) የራሱን ሄደሮች የት እንደሚፈልግ በትእዛዙ ላይ አይጻፍም፤ ክላንግዲም ኮምፓይለሩን ራሱን ካልጠየቀ አያውቅም። እንዲጠይቅ ደግሞ ኳሪ-ድራይቨር በሚለው አማራጭ የኮምፓይለሩ ፓዝ ሊሰጠው ይገባል። ያልተፈቀደለትን ፕሮግራም አለማስኬዱ ለደኅንነት ሲባል ነው፤ ስለዚህ «ሁሉንም ፍቀድ» ብላችሁ እንዳትጽፉ አደራ። ኢኤስፒ32 በሚባለው ማይክሮኮንትሮለር ላይ ክላንግ (ክላንግዲ የተመሠረተበት ኮምፓይለር) የማያውቀው «ኤምሎንግኮልስ» የሚባል ፍላግ (የኮምፓይለር አማራጭ) ስህተት ያመጣል፤ ሪፖው ሥር በሚቀመጠው የክላንግዲ ማዋቀሪያ፣ ኮምፓይልፍላግስ በሚለው ክፍል፣ ሪሙቭ ውስጥ ይጻፍ።

ጸሐፊ፦
ተቀብያለሁ። አንቀጹ እንዲህ ተስተካክሏል፦ «ዳታቤዙን ግንባታ ሲስተሙ ራሱ ያመንጭ፤ የማይችል ከሆነ ከክሊን በኋላ በቤር። ፋይሉ ሪፖ ውስጥ አይገባም።» ሄደሮች ፋይሉ ውስጥ ስለማይታዩ ጎድሏል ወይ ተብዬ ተጠይቄአለሁ።

ከፒያሳ ቡድን፦
አልጎደለም። ሄደር ለብቻው ኮምፓይል አይደረግም፤ ክላንግዲ ስሙ ከሚቀርበው ሶርስ ፋይል ትእዛዙን ይዋሳል። አንድ ነገር ግን ይጨመር፦ ክላንግዲ ዳታቤዙን የሚፈልገው ከተከፈተው ፋይል ወደ ላይ ባሉት ፎልደሮችና በውስጣቸው «ቢልድ» በሚባለው ነው። የግንባታ ፎልደሩን «አውት» ያላችሁ ለዳታቤዙ ከሪፖው ሥር ሲምሊንክ (ወደ ፋይሉ የሚያመራ አቋራጭ) አድርጉ። ማረጋገጫውም በክላንግዲ «ቼክ» አማራጭ ከየፕሮጀክቱ አንድ ፋይል መፈተሽ ይሁን።

ከስድስት ኪሎ ቡድን፦
ዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተነጠለ ቦታ የሚያስኬድ መሣሪያ) ውስጥ የሚገነቡት ሁለት ፕሮጀክቶች ይቀራሉ። ዳታቤዙ የኮንቴይነሩን ፓዝ ስለሚይዝ ከውጭ የተከፈተ ኤዲተር አያገኘውም። ሪፖውን ኮንቴይነሩ ውስጥም ውጭም በአንድ ዓይነት ፓዝ ማውንት ማድረግ (ማገናኘት) የውስጡን ፓዝ ከውጩ ጋር ከሚያዛምደው የክላንግዲ ፓዝ-ማፒንግስ አማራጭ ይቀላል እንላለን፤ እስከ ቅዳሜ ሞክረን የሚሠራውን ትእዛዝ እናመጣለን።