የአከራዬ እናት ቤተ መቅደስ አብረን እንሂድ አሉኝ፤ ምን ላድርግ?

አዲስ ገቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሕንድ፣ ታሚል ናዱ ግዛት፣ ቼናይ ለትምህርት ከመጣሁ ሦስት ወሬ ነው። የተከራየሁት ማይላፖር ነው፤ ካፓሊሽዋራር ከሚባለው የሂንዱ ቤተ መቅደስ የአምስት ደቂቃ መንገድ። የአከራዬ እናት በየጠዋቱ ደጃፉን ውሃ ረጭተው በሩዝ ዱቄት ኮላም የሚባለውን የነጠብጣብና የመስመር ጌጥ ይስላሉ። ሁሌ ቆሜ አያቸዋለሁ። ትናንት ነገ ማታ አብረን እንሂድ አሉኝ። እምቢ ማለት ከበደኝ፤ እውነቱን ለመናገር ደስም ብሎኛል። ግን የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ። ምን ልልበስ? ባዶ እጄን ብሄድ ነውር ነው? ግንባር ላይ የሚቀቡትን አመድና የሚሰጡትን ምግብስ? እሳቸውን ማስቀየም አልፈልግም።

ማይላፖር ነበርኩ፦
እህቴ፣ ሂጂ። እዚያው ሰፈር አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ዛሬም የሚናፍቀኝ የዚያ ግቢ ምሽት ነው።

ቀላሉን ልጨርስልሽ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይበቃል። ጫማ በሩ ላይ ይወልቃል፤ ይሄ ለእኛ አዲስ አይደለም። ቀን ላይ የግቢው ድንጋይ እግር ስለሚያቃጥል ማታ መሄዳችሁ ጥሩ ነው። ባዶ እጅ ነውር አይደለም። ደስ ካለሽ በር ላይ ጃስሚን በክንድ እየተለካ ይሸጣል፤ አንድ ክንድ ገዝተሽ ለእሳቸው ስጪያቸው።

አንድ ነገር ግን ቀድመሽ እወቂ። በብዙ የታሚል ናዱ አሮጌ መቅደሶች፣ ከባንዲራው ምሰሶ አልፎ ወደ ውስጠኛው ክፍል የሚገባው ሂንዱ ብቻ ነው። ምሰሶው ጋ ስትደርሺ ቁሚ። እሳቸው ገብተው ይመለሳሉ። እኔ በአራት ዓመት ውስጡን አላየሁም፤ ቅርም ብሎኝ አያውቅም። የእኛም መቅደስ ለሁሉ አይከፈትም።

ደግሞ ብዙውን ያየሁት እዚያው ቆሜ ነው። መጀመሪያ እንደ ቅዳሴ ሰዓት ጠብቆ፣ ተሰብስቦ አብሮ የሚቆም ምእመን ስጠብቅ ነበር። የለም። ከሥራ የሚመለሰው ሄልሜቱን በብብቱ ይዞ ይገባል። ተማሪዋ ቦርሳዋን ሳታወርድ ትገባለች። ሽማግሌዎቹ መቅደሱን በቀኛቸው አድርገው ቀስ እያሉ ይዞራሉ። ከዚያ ተሳልመው ወደ ቤታቸው። ቤት ከመግባቱ በፊት እናቱን ጠይቆ እንደሚያልፍ ልጅ ነው። ቃላቸው “ዳርሻን” ነው፤ ማየት ማለት። ሰው አምላኩን ሊያይ ይመጣል፣ አምላኩም እንዲያየው።

ይህን በቅርብ ማየት ከፈለግሽ የመንገድ ዳሯ ትንሽ የጋኔሻ፣ የባለ ዝሆን ራሱ አምላክ፣ መቅደስ ጋ ቁሚ። ከመንገድ ሆነሽ ሁሉም ይታያል። ደወል ይደወላል፣ መጋረጃው ይገለጣል፣ ካህኑ ካምፎር፣ ነጭ ሽታ ያለው ሙጫ መሳይ ነገር፣ አብርተው በምስሉ ፊት ያዞራሉ። ያን ጊዜ ሁሉም አንገቱን ያሰግጋል። ነበልባሉ ወደ ሰዉ ሲመጣ እጃቸውን ከላዩ አሳልፈው ዓይናቸውን ይነካሉ። ካምፎር ነዶ ሲያልቅ ምንም አይተውም። ይህን የነገሩኝ አበባ የሚሸጡት ሴትዮ ናቸው፤ ራስን የመስጠት ምልክት ነው አሉኝ።

አመዱ “ቪቡቲ” ይባላል፤ በቀኝ እጅ ነው የሚቀበሉት። ለእኔ የእኛን እምነት አስታወሰኝ፣ ግንባር ላይ የምንቀባውን። ምግቡ አንዳንዴ “ሱንዳል” ነው፤ ሽምብራ ንፍሮ ኮኮናት የተነሰነሰበት። እኔ እበላ ነበር።

የካፓሊሽዋራርን የመግቢያ በር ግንብም ቀና ብለሽ እይ። ወደ 40 ሜትር ይጠጋል፤ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። ከሥር እስከ ጫፍ ባለ ቀለም ምስሎች ናቸው። የጥንቱ መቅደስ ባሕር ዳር እንደነበረና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቹጋሎች እንዳፈረሱት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። “ማይል” በታሚል ቋንቋ ፒኮክ (ጣዎስ) ነው፤ የማይላፖር ስም ከዚያ ነው። የመቅደሱ አምላክ የሺቫ ሚስት ፒኮክ ሆና ፑናይ ዛፍ ሥር ስታመልከው ነበር ይላሉ። ግቢው ውስጥ ዛፉን ያሳዩሻል።

ከኮይምባቶር፦
ከላይ ባለው ብዙ እስማማለሁ። በምግቡ ግን አልስማማም። ለአምላካቸው ቀርቦ የመጣ ምግብ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው ጉዳይ ነው። እኔ አልበላም። አመዱንም አልቀባም። እዚያ ደርሰሽ ከመጨነቅ ዛሬውኑ ለሴትዮዋ ንገሪያቸው። እኔ “እምነቴ አይፈቅድልኝም” ስል እስካሁን የተቀየመኝ ሰው የለም። የንስሐ አባትሽንም ደውለሽ ጠይቂ።

ማይላፖር ነበርኩ፦
ወንድሜ ልክ ነህ፤ ይሄ የየራሳችን ሕሊና ነው። ቀድሞ መንገሩ ከእኔ ምክር ይሻላል።

እህቴ፣ አንድ የረሳሁት። ቀኑ “ፕራዶሻም” ከሆነ፣ ማለትም ጨረቃ በጎደለች ወይም በሞላች በ13ኛው ቀን ማታ፣ ሰዉ ብዙ ነው። ለናንዲ፣ ለድንጋዩ በሬ፣ ወተት ያፈሱለታል። ናዳስዋራም የሚባለው ረጅም መለከትና ከበሮው አብረው ሲመጡ ደረትሽ ላይ ይሰማሻል። ያን ቀን ከእሳቸው አትራቂ።

አዲስ ገቢ፦
ሄድኩ። ቀድሜ ነገርኳቸው፤ እንደ ምንም ጭንቅላታቸውን ወዘወዙና እጄን ያዙኝ። ጃስሚኑን ስሰጣቸው ግማሹን ቆርጠው እኔው ፀጉር ላይ አሰሩት። ምሰሶው ጋ ቆሜ ጠበቅኳቸው። አንድ አባት ልጃቸውን ትከሻ ላይ አስቀምጠው ጣታቸውን ወደ ውስጥ ቀስረው ሲያሳዩት አየሁ። ልጁ እጆቹን አገናኘ።

ሲወጡ ካህኑ የመለሱላቸውን ግማሽ ኮኮናት ይዘዋል። አመዱን በቀኝ እጄ ተቀብዬ በወረቀት ጠቀለልኩት፤ አልተቀባሁም። ምንም አላሉኝም። በስሜ ጸሎት እንዳስደረሱ ግን መንገድ ላይ ነገሩኝ። ካህኑ የተወለደችበት ኮከብ ማነው ብለው ሲጠይቋቸው አላውቅም ብለዋል። እዚያ ስሜ መጠራቱን እስካሁን እያሰብኩት ነው። ቅዳሜ ለንስሐ አባቴ እደውላለሁ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ የሩዝ ዱቄቱን ዕቃ አቀበሉኝ። ነጠብጣቦቹን እሳቸው ጣሉ፤ እኔ መስመሩን በዙሪያቸው አዞርኩ።