ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ ለሚወስድ ጉዞ የትኛው የቪዲዮ ማጫወቻ ይሻላል?

ጠያቂ፦ የመሐል ሜዳው

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ለሕክምና ክትትል ወደ አዲስ አበባ ስለምትሄድ ከእሷና ከሁለት ልጆቼ ጋር በየጊዜው በአውቶቡስ እመላለሳለሁ። ልጆቹ ገና ደብረ ብርሃን ሳንደርስ ይሰለቻሉ። ስለዚህ እነሱ ካርቱንና ተረት፣ እናቴ ደግሞ መዝሙርና ስብከት የሚያዩበት፣ ኢንተርኔት የማይፈልግ ማጫወቻ ለመግዛት አስቤአለሁ። ዱባይ የምትሠራው እህቴ ለዕረፍት ልትመጣ ስለሆነ ምን ላምጣ ብላ ጠይቃኛለች።

አንደኛው አማራጬ እንደ ላፕቶፕ የሚታጠፈው ባለ ስክሪን ዲቪዲ ማጫወቻ ነው። ሁለተኛው ታብሌት ነው። ሦስተኛው ደግሞ አንድ ወዳጄ በርካሽ ልሽጥልህ ያለኝ፣ በውስጡ 160 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ያለው አሮጌ ተንቀሳቃሽ ማጫወቻ ነው። የሠርጋችንን ቪሲዲ ጨምሮ ቤታችን ብዙ ዲስኮች ስላሉ እኔ ያዘነበልኩት ወደ ዲቪዲው ነው። በከተማችን መብራት ስለሚጠፋ ከጉዞ በፊት ሌሊቱን ቻርጅ አድርጌ እነሣለሁ ብዬ መተማመን እንደማልችልም ግምት ውስጥ አስገቡልኝ። አስተያየታችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ጠባሴ

ወንድሜ፣ እኔ ደብረ ብርሃን በኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሥራ ላይ ነኝ። ዲቪዲ ማጫወቻ ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጠ ሰው ጥሩ ዕቃ ነው፤ ለእርስዎ መንገድ ግን አልመክርም። ዲስኩን የሚያነበው ሌንስ በቀጫጭን ሽቦዎች የተያዘ ሲሆን፣ የሚሽከረከረውን ዲስክ እየተከተለ ያለማቋረጥ ራሱን ያስተካክላል። አውቶቡሱ ሲነጥር መስመሩን ይስታል። ማጫወቻው ጥቂት ሰከንድ ቀድሞ አንብቦ ስለሚይዝ አንዱን ጉድጓድ ችሎ ያልፈው ይሆናል፤ መንገዱ ተከታትሎ ሲያናውጥ ግን ምስሉ መቆራረጡ አይቀርም፤ ዲስኩም ይጫራል።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ጤዛ ነው። በውርጭ ሌሊት የቀዘቀዘ ማጫወቻ፣ ሰው በሞላበትና እስትንፋስ ባሞቀው አውቶቡስ ውስጥ ወዲያው ሲከፈት ሌንሱ ላይ እርጥበት ይይዛል፤ ያኔ ዲስኩን ማንበብ ያቅተውና የተበላሸ ይመስላል። እስኪደርቅ መጠበቅ ብቻ በቂ ሆኖ ሳለ ለጥገና የሚያመጡልኝ ደንበኞች አሉኝ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የኃይል ጉዳይ ነው። የእነዚህ ማጫወቻዎች ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 ቮልት የሚሰጥ ባለ ክብ ጫፍ ነው፤ የተለመደው ፓወር ባንክ በዩኤስቢ የሚሰጠው ደግሞ 5 ቮልት ነው። ስለዚህ የውስጥ ባትሪው ካለቀ፣ ሹፌሩ የሲጋራ መለኮሻውን ቀዳዳ ካልፈቀደልዎ በስተቀር ቀሪውን መንገድ ጥቁር ስክሪን ይዘው ይቀመጣሉ። በተጨማሪም ዱባይ የሚሸጠው ማጫወቻ በዞን 2 (ዲቪዲ ለሚሸጥበት የዓለም ክፍል በተሰጠ ቁጥር) የተቆለፈ ሊሆን ይችላል፤ አገራችን በዲቪዲ አከፋፈል ዞን 5 ውስጥ ናት። የዞን ገደብ የሌለበት ዲስክ በየትኛውም ይሠራል፤ በዞን 5 የተቆለፈውን ግን ላይቀበለው ይችላል።

ጓሳ

ስለ ሦስተኛው አማራጭ አንድ ነገር ልጨምር። በሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃ የሚያነበው ክፍል የሚሽከረከረውን ሰሌዳ አይነካም፤ ሰሌዳው ሲዞር በሚፈጠረው የአየር ንጣፍ ላይ እጅግ ጠባብ በሆነ ክፍተት ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ይህ ንጣፍ ይደክማል። በዚህም ምክንያት ብዙ አምራቾች የሃርድ ዲስክን የሥራ ከፍታ 3,048 ሜትር ላይ ይገድባሉ። የአፕል ባለ ሃርድ ዲስክ ማጫወቻ የሆነው የአይፖድ ክላሲክ ገደብም 3,000 ሜትር ነበር፤ እሱም ምርቱ ከቆመ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚገኘው አሮጌው ብቻ ነው።

አሁን የእርስዎን መንገድ እንመልከት። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ ጣርማበርም እንዲሁ። የጓሳ ሜዳማ ፓርክ ደግሞ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ዕቃው በዚህ ከፍታ ወዲያው ይሞታል ለማለት አይደለም፤ ሃርድ ዲስክ ያላቸው ላፕቶፖች በመንዝ መሥሪያ ቤቶች ሲሠሩ እናያለን። እነሱ ግን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ ናቸው። ከአምራቹ ገደብ በላይ የሆነን፣ ያውም ያረጀን ሃርድ ዲስክ በሚነጥር አውቶቡስ ውስጥ ማሠራት ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ብቻ የሚደረግ ነገር አይመስለኝም። የታብሌትና የሚሞሪ ካርድ ማከማቻ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ከፍታው ምንም አያደርገውም።

ጠያቂ፦ የመሐል ሜዳው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ በተለይ የከፍታው ጉዳይ ከቶ ያላሰብኩት ነው። እንግዲያው የቀረው ታብሌት ነው። ነገር ግን ዲስኮቼስ ምን ይሆናሉ? እናቴም ስክሪን በጣት መንካት አልለመደችም።

ሠላ ድንጋይ

ዲስኮቹን ወደ ፋይል መገልበጥ ለመንገዱ ብቻ ሳይሆን ለዲስኮቹ ለራሳቸውም የሚጠቅም ነው፤ በቤት ወይም በቪዲዮ ቤት የተቀረጸ ዲስክ ከዓመታት በኋላ መነበብ ሊያቆም ስለሚችል፣ ከሠርጉ ቪሲዲ እንዲጀምሩ እመክራለሁ። የቅጂ መከላከያ ለሌለበት ዲቪዲ ዲስክ የሚያነብ ኮምፒውተርና ሃንድብሬክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃሉ። አንድ ባለ አንድ ንብርብር የዲቪዲ ዲስክ እስከ 4.7 ጊጋባይት የሚይዝ ሲሆን፣ የሁለት ሰዓት ፊልም ወደ ኤምፒ4 ሲቀየር አንድ ጊጋባይት ተኩል አካባቢ ሆኖ ዓይን የሚያስተውለው ጉድለት ሳይኖረው ሊቀመጥ ይችላል። ቪዲዮው የሚታመቅበትን ስልት ኤች.264 ያድርጉት። ኤች.265 የፋይሉን መጠን ይበልጥ ያሳንሳል፤ በርካሽና በቆዩ ታብሌቶች ላይ ግን ሊንተባተብ ወይም ባትሪውን ሊጨርስ ይችላል።

እህትዎ ታብሌቱን ስትመርጥ የሚሞሪ ማስገቢያ እንዳለው ታረጋግጥ። አይፓድ ይህ የለውም፤ ስለዚህ ጥሩ ዕቃ ቢሆንም ለእርስዎ ጉዳይ አይሆንም። ስለ ስክሪኑ ጥራት ብዙ ገንዘብ አያውጡ፤ የዲቪዲው ምስል ራሱ ቢበዛ 720 በ576 ነጥብ ስለሆነ፣ የቪሲዲው ደግሞ ከዚያም በእጅጉ ስለሚያንስ፣ ውድ ስክሪን ያልነበረውን ዝርዝር ሊፈጥርለት አይችልም። ይልቅ ብርሃኑ ላይ ያተኩሩ። የስክሪን ብርሃን በኒትስ ይለካል፤ ከ400 በታች ከሆነ በመስኮት በኩል ፀሐይ ሲገባ ምስሉን ለማየት ያስቸግራል።

ለሚሞሪ ካርዱ ክላስ 10 የተባለው የፍጥነት ደረጃ ከበቂ በላይ ነው። የሚያሳስበው ሐሰተኛው ነው፤ 128 ጊጋባይት ተብሎ የተጻፈበት ካርድ በውስጡ 8 ብቻ ሊሆንና የቀረውን የተቀበለ እየመሰለ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ካርዱን እስኪሞላ ይጫኑበትና መጨረሻ ላይ የገቡትን ቪዲዮዎች ከፍተው ይመልከቱ። ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል ካለዎት ደግሞ ካርዱ ፋት32 በተባለው የፋይል አደረጃጀት ሳይሆን ኤክስፋት በተባለው ፎርማት መደረግ ይኖርበታል። የዩቲዩብና የመሳሰሉት መተግበሪያዎች በውስጣቸው የሚያስቀምጡትን ቪዲዮ አይመኑ፤ በየጊዜው ኢንተርኔት ካላገኙ ሊከለክሉዎት ይችላሉ።

ለእናትዎ ቪኤልሲ የተባለውን ማጫወቻ ይጫኑላቸው። መዝሙሮቹን በአንድ ፎልደር አድርገው ዝርዝሩ ራሱን እየደጋገመ እንዲጫወት ካዘዙት፣ እሳቸው ስክሪኑን መንካት ሳያስፈልጋቸው አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ቪዲዮ ካለዎትም የፊደሉ ጉዳይ በታብሌት አያስቸግርም፤ በአሮጌ ዲቪዲ ማጫወቻዎች ላይ ግን ከፋይል የሚነበብ የግዕዝ ፊደል ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል።

የአንኮበሯ

እኔ የምናገረው እንደ እናት ነው። ልጆች ስክሪን ላይ ዓይናቸውን ተክለው መኪናው ሲጠማዘዝ ያቅለሸልሻቸዋል፤ ዓይናቸው የቆመ ነገር እያየ ሰውነታቸው መንቀሳቀሱን ስለሚያውቅ ነው። በመጠማዘዣና በቁልቁለት ላይ ያጥፉት፤ ቀጥ ባለው አስፋልት ላይ ይክፈቱት። ታብሌቱን ጉልበታቸው ላይ ከሚያስቀምጡት ከፊት ካለው ወንበር ጀርባ ላይ ማሰሩ ይሻላል፤ አንገታቸውም አይጎብጥም።

ድምፁን ለአውቶቡሱ ሁሉ ማሰማት ነውር ነው። ሙሉ አውቶቡስ የአንድ ቤት ካርቱን እንዲያዳምጥ የሚፈርዱ ወላጆች አሉ፤ ምን እንደሚያስቡ አይገባኝም። ስለዚህ የኤርፎን ቀዳዳ ያለው ታብሌት ይምረጡና ለሁለት የሚያካፍል ማገናኛ ይግዙ፤ ብሉቱዝ ቻርጅ የሚፈልግ ሌላ ዕቃ መጨመር ነው። ለልጆች ድምፁ ከ85 ዴሲቤል እንዳያልፍ ተደርጎ የተሠራ ኤርፎን አለና እሱን ይፈልጉ። የአውቶቡሱ ጩኸት በራሱ ከፍተኛ ስለሆነ ልጆቹ ሳያውቁት ድምፁን ይጨምራሉ።

ጠባሴ

የቀረው የመብራቱ ጉዳይ ነው። እህትዎ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ አብራ ትግዛ። ይህ ቁጥር በውስጡ ባለው ባትሪ 3.7 ቮልት የተሰላ ስለሆነ ትክክለኛው ኃይል 74 ዋት ሰዓት ነው፤ ወደ 5 ቮልት ሲቀየር ከሚባክነው በኋላ ስልሳ ዋት ሰዓት ያህሉ ይደርስዎታል። ቪዲዮ የሚያጫውት መካከለኛ ታብሌት በሰዓት አራት ወይም አምስት ዋት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ፣ ታብሌቱ ባዶ ሆኖ ቢነሡ እንኳ ሙሉ ቀን ያደርስዎታል። መብራት በመጣ ቁጥር ፓወር ባንኩን ይሙሉና ያስቀምጡት፤ ለሳምንታት ቢቆይ የሚያጣው ጥቂት ነው።

በአውሮፕላን እስከ 100 ዋት ሰዓት የሚሆነው ይፈቀዳል፤ ነገር ግን በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ ከገባ ይወሰድባታል። ዋት ሰዓቱ በላዩ ላይ በግልጽ ያልተጻፈበትንም አትግዛ፤ በፍተሻ ላይ ያከራክራታል። በሰማይ ጠቀስ ቁጥር 50,000 ተብሎ የተጻፈበትና በእጅ ሲይዙት ቀላል የሆነ ካጋጠማት ቁጥሩ ሐሰት ነው።

በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ጊዜ ደግሞ ፓወር ባንኩንም ታብሌቱንም ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ ከሚጫነው ዕቃ ጋር አይስጡ፤ ከጋቢዎ ሥር ይያዙት። የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ሲደረግም ውስጡ ይጎዳል። ሌሊት ውጭ ያደረ ዕቃ ካለዎት እስኪሞቅ ጠብቀው ይሰኩት።