የጋራ ፕሮፖዛል፦ የኤም ኤስ (መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ የሰውነት መከላከያ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የሚያጠቃበት በሽታ) ሕክምና ውጤት በሂስፓኒክና ላቲኖ ታካሚዎች፣ ቆጠራው ከየትኛው ቀን ይጀምር?

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁ አሁን የሚጠይቀው «ዳይሜቲል ፉማሬትና ኦክሬሊዙማብ በአሜሪካ ሂስፓኒክ ታካሚዎች ላይ ምን ያህል ይሠራሉ?» ብሎ ነው። ሁለቱም የኤም ኤስ መድኃኒቶች ናቸው፤ የመጀመሪያው እንክብል፣ ሁለተኛው በደም ሥር የሚሰጥ። ሰፊ ስለሆነ እናጥበው። ኦክሬሊዙማብ በ2017 የተፈቀደባቸው ጥናቶች ተሳታፊዎች አብዛኞቹ ነጮች ነበሩ። ኋላ የመጣው ቻይምስ የተባለው የኦክሬሊዙማብ ጥናት 113 ጥቁሮችንና 69 ሂስፓኒኮችን ቢያካትትም ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ክፍተቱን ከክሊኒክ መዝገብ መሙላት ይቻላል፤ ግን ዲዛይኑ ከተበላሸ ቁጥር ቢበዛም አያድነንም።

ነርቭ ሐኪም፦
ትልቁ ችግር ያለው እዚያው ላይ ነው። ረቂቁ ክትትሉን የሚጀምረው የመጀመሪያው መድኃኒት ከተወሰደበት ቀን ነው። መድኃኒቱ ታዝዞ የኢንሹራንስ ቅድመ ፈቃድ ሲጠበቅ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። በዚያ መሃል የሚመጣ ግርሻ ከቆጠራችን ውጭ ይቀራል፤ ጭራሽ ያልጀመረው ታካሚማ አይታየንም። በመጨረሻ «መድኃኒቱ ለሁሉም እኩል ይሠራል» ብለን እንጽፍ ይሆናል። ይህ እውነት ቢሆን እንኳ ታካሚው የሚጎዳው መድኃኒቱን እስኪያገኝ ባለው ጊዜ ከሆነ ጥናታችን አላየውም ማለት ነው። ዜሮ ቀን፣ ማለትም ቆጠራው የሚጀምርበት ቀን፣ መድኃኒቱ የታዘዘበት ቀን ይሁን።

ባዮስታቲስቲሺያን፦
ዶክተር፣ በሐሳብዎ እስማማለሁ፤ አንድ ወጥመድ ግን አለበት። ከታዘዘበት ቀን ቆጥረን ታካሚዎቹን ኋላ በጀመሩት መድኃኒት ከከፈልናቸው፣ ሳያገረሽባቸው የጠበቁት ጊዜ በሙሉ ለመድኃኒቱ ጥቅም ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ ምድቡ በዜሮ ቀን በታዘዘው መድኃኒት ይወሰን፤ ጀመሩም አልጀመሩም እዚያው ይቆዩ። ከመጀመሪያው መጠን የሚቆጥረው ትንተና ሁለተኛ ሆኖ ይግባ። ለእሱ መነሻ የሚሆነው ኤምአርአይ ሕክምናው ከተጀመረ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ የተነሣው ነው፤ አለበለዚያ መድኃኒቱ ሥራ ሳይጀምር የወጣው ቁስል በእሱ ይላከካል።

የአካል ጉዳት መባባስ በኢዲኤስኤስ (ከ0 እስከ 10 በሚሄድ የኤም ኤስ አካል ጉዳት መለኪያ) ይለካ፦ መነሻው 0 ከሆነ 1.5፣ ከ1 እስከ 5.5 ከሆነ 1፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 0.5 ነጥብ ጨምሮ ከ6 ወር በኋላም ያው ሆኖ ሲገኝ። ኢንሹራንስ አጥቶ የጠፋ ታካሚን «ደህና ነው» ብለን መቁጠር የለብንም። እሱን ከሚመስሉ፣ ግን ካልጠፉት ለሚገኘው መረጃ ተጨማሪ ክብደት እንሰጣለን።

የመዝገብ ባለሙያ፦
«ሂስፓኒክ» የሚለው ዓምድ ራሱ አይታመንም። ብዙ ጊዜ የዘር ሳጥኑ ላይ «ሌላ» ተመርጦ የሂስፓኒክ ጥያቄው ባዶ ይቀራል። የፌዴራሉ የ1997 መመሪያ ሁለቱን ለየብቻ ያስጠይቅ ነበር፤ በመጋቢት 2024 የተሻሻለው ወደ አንድ ጥያቄ አዋሕዷቸዋል። የድሮውንና የአዲሱን መዝገብ በአንድ ኮድ መሰብሰብ አይቻልም። በአባት ስም መገመትን እቃወማለሁ፤ የስፔን ስም ያላቸው ፊሊፒኖዎች ብዙ ናቸው። የትውልድ አገር፣ አሜሪካ የመጡበት ዕድሜና የሚመርጡት ቋንቋ ይጨመሩ። ፖርቶሪኮና ሜክሲኮ የአፍሪካና የቀደምት ሕዝቦች የዘር ድርሻቸው ይለያያል፤ አሜሪካ የተወለዱትም ከስደተኞቹ ባነሰ ዕድሜ እንደሚታመሙ ታይቷል። የእኛ ወገኖችም «ጥቁር» በሚለው ሳጥን ገብተው ስለሚጠፉ ነገሩ ለሁላችንም ቅርብ ነው።

ፋርማሲስት፦
ዳይሜቲል ፉማሬት በቀን ሁለት ጊዜ 120 ሚሊግራም ለ7 ቀን፣ ከዚያ በቀን ሁለት ጊዜ 240 ነው። የማቆሚያው ምክንያት በአንድ መስመር አይታጨቅ፦ የሆድ ሕመም፣ የፊት መቅላትና ማቃጠል፣ የሊምፎሳይት (የነጭ ደም ሴል ዓይነት) መቀነስ (በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ500 በታች ከ6 ወር በላይ ሲቆይ)፣ እርግዝና፣ ገንዘብ፤ ሁሉም ለየብቻ። ሐኪሙ «አልተስማማውም» ብሎ የጻፈው ሁሉ የጎንዮሽ ጉዳት አይደለም።

ኦክሬሊዙማብ ላይ ያው የማቆሚያ መስፈርት አይሠራም። 300 ሚሊግራም በ14 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በየ6 ወሩ 600 ይሰጣል፤ መድኃኒቱ የሚያጠፋቸው ቢ ሴሎች (የመከላከያ ሴሎች) መመለሻ መካከለኛ ጊዜ ግን ከመጨረሻው መጠን በኋላ 72 ሳምንት ነው። አንድ መጠን የዘገየበት ታካሚ እንክብል እንዳቋረጠ ታካሚ አይቆጠር። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ቀንም ይመዝገብ፤ መዘግየቱ አንዳንዴ ከዚያ ይመጣል።

የክሊኒክ ነርስ፦
የስፓኒሽ መጠይቁ ላይ አንድ ቃል ይስተካከል። ግርሻን «ብሮቴ» ብሎታል። ሐኪሞች ይሉታል፤ ብዙ የላቲን አሜሪካ ታካሚዎች ግን የቆዳ ሽፍታ ነው የሚሰሙት። ፊቱ የሚቀላ የዳይሜቲል ፉማሬት ታካሚ «አዎ፣ በየቀኑ» ቢል ግርሻ ሆኖ ይመዘገባል። ስሙን ትተን ምልክቱን እንጠይቅ፦ ያለ ትኩሳት ከ24 ሰዓት በላይ የቆየ አዲስ ድንዛዜ፣ የዓይን ብዥታ ወይም የእግር መዛል።

አስተባባሪ፦
ተቀብያለሁ። ዋናው ጥያቄ እንዲህ ይስተካከላል፦ «ከታዘዘበት ቀን ጀምሮ በ24 ወር ውስጥ ግርሻና የአካል ጉዳት መባባስ በሂስፓኒክና በሌሎች ታካሚዎች መካከል ምን ያህል ይለያያል? ከልዩነቱስ ምን ያህሉ መድኃኒቱ እስኪጀመር ባለው መዘግየት ይገለጻል?» የማቆሚያ ምክንያቶቹን ኮድ ፋርማሲስታችን ያዘጋጅልን። መጠይቁን ስፓኒሽ ተናጋሪ ታካሚዎች ጮክ ብለው አንብበው የገባቸውን በራሳቸው አነጋገር ሳይነግሩን አናጸድቀውም፤ ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ በጀቱ ላይ አሁኑኑ ይግባ።