የዋጋ መለጠፊያ ጉዳይ፦ ረቂቅ 2 ላይ የአባላት ውይይት

ጸሐፊ፦ የነጋዴዎች ማኅበራችን ደብዳቤ ረቂቅ 2 ይኸው። ለከተማው ንግድ ቢሮ የሚገባ ስለሆነ እስከ ዓርብ አስተያየታችሁን እዚሁ ጻፉ፤ በስልክ የሚነገረኝን አልመዘግብም። ሦስት ነጥብ ነው። አንደኛ፣ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ዋጋውን ወይ ዝርዝር አድርጎ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲሰቅል ወይ ዕቃው ላይ እንዲለጥፍ ይፈቅዳል፤ ተቆጣጣሪዎች ግን አንዱ የግድግዳ ዝርዝር ይቀበላል፣ ሌላው እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ካልተለጠፈ ይላል። ስለዚህ ለሁሉም ወረዳ አንድ ወጥ የመቆጣጠሪያ ቅጽ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ጉድለት ሲገኝ ሱቅ ከመታሸጉ በፊት የ24 ሰዓት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ። ሦስተኛ፣ በምላሹ አባላት በሙሉ ቫት የተካተተበትን የመጨረሻ ዋጋ እንለጥፋለን። አባሪው ላይ የዋጋ ካርዱ ናሙና አለ፦ 9 በ5 ሳንቲ ሜትር፣ ቢጫ ወረቀት፣ ጥቁር ጽሑፍ።

ሸቀጣሸቀጥ፦ ሁለተኛው ነጥብ ሁለት የተለያየ ነገር ጨፍልቋል። ካርድ አለመኖር አንድ ነው። ካርዱ የቆየ ሆኖ ካሽ ሬጅስተር ማሽኑ አዲሱን ዋጋ ሲያወጣ ግን ከተለጠፈው በላይ መሸጥ ነው፣ ራሱን የቻለ ጥፋት። ሱቅ የሚያሳሽገው በአብዛኛው ይኼኛው ነው። አከፋፋዩ ጠዋት አዲስ ዋጋ ይዞ ሲመጣ ዘይቱም ሳሙናውም ፓስታውም አንድ ላይ ይቀየራል፤ ካርድ ግን አንድ በአንድ ነው የሚቀየረው።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ ለዚያ ማስጠንቀቂያ መለመን አያስፈልግም፣ ቅደም ተከተል ይበቃል። ዋጋ ሲጨምር መጀመሪያ ካርዱን ቀይሩ፣ ከዚያ ማሽኑን። ሲቀንስ መጀመሪያ ማሽኑን፣ ከዚያ ካርዱን። እንዲህ ሲሆን ደንበኛው ካየው በላይ የሚከፍልበት ደቂቃ አይኖርም። አብዛኛው ሰው ግን ጭማሪ በመጣ ቁጥር ካሽ ሬጅስተሩ ፊት ስለተቀመጠ ብቻ ማሽኑን ያስቀድማል።

ሱፐርማርኬት፦ ይዘቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቢጫ ወረቀት ግን አይሆንም። እኛ ዘንድ ቢጫ ካርድ የቅናሽ ነው። መደርደሪያው በሙሉ ቢጫ ከሆነ ደንበኛው ሁሉም የቀነሰ ይመስለዋል፣ ካሸሩ ጋ ሲደርስ ይጣላል።

ጨርቃጨርቅ፦ ቢጫው ባለፈው ስብሰባ ተወስኗል። ያልመጣ ሰው ተነስቶ አይቀይረውም።

ሱፐርማርኬት፦ የስብሰባው ሰዓት የተቀየረው በዋዜማው ነው፣ ሁሉም ያውቃል። ለማንኛውም ጥያቄዬ ስለ ቀለሙ ነው፦ ለምን ነጭ አይሆንም?

ጨርቃጨርቅ፦ ነጭ አቧራ አይችልም። መንገድ ዳር ያለ ሱቅ ውስጥ በአጭር ጊዜ ቡኒ ይሆናል። ቢጫ ላይ ጥቁር ከሩቅ ይነበባል።

ሱፐርማርኬት፦ ቢጫም አቧራ ይይዛል እኮ፣ እትዬ፤ ስለማይታይ ነው።

ኮስሞቲክስ፦ ከቢጫ መሸሽ ከሆነ ሮዝ አድርጉት።

ጨርቃጨርቅ፦ ቁም ነገር እያወራን ነው።

ኮስሞቲክስ፦ እኔም ቁም ነገር ነው ያልኩት። ሮዝ የማንም የቅናሽ ቀለም አይደለም።

የሕንፃ ዕቃ፦ ከቀለሙ በፊት ወረቀቱን እዩ። በቴርማል ፕሪንተር (ያለ ቀለም በሙቀት በሚያትመው) የሚወጣው ስቲከር ሙቀትና ፀሐይ ያጠፋዋል። ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ከከተታችሁት ደግሞ ይብሳል፤ ፕላስቲኩን ለስላሳ የሚያደርገው ኬሚካል ጽሑፉን ይበላዋል። መስታወት አጠገብ ላለ ዕቃ የቀለም ሪቦን ያለው ፕሪንተር፣ አለዚያም በእጅ ተጽፎ ላሚኔት የተደረገ ካርድ ነው የሚያዋጣው። ላሚኔቱ ላይ በኋይትቦርድ ማርከር አትጻፉ፣ ያለፈ እጅ ሁሉ ይጠርገዋል። በፐርማነንት ማርከር ጽፋችሁ ዋጋ ሲቀየር በአልኮል ጥረጉት፤ አንዱ ካርድ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። ቀይ ማርከር ለዋጋ አይሁን፣ ፀሐይ ላይ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። የማተሚያ ቤት ዋጋ ከሦስት ቦታ ጠይቄ እስከ ረቡዕ አመጣለሁ።

ጸሐፊ፦ ተመዝግቧል። ሦስት ዋጋ፣ እስከ ረቡዕ።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ ሦስተኛው ነጥብ ላይ ሰው ዝም ያለው ተስማምቶ ነው ወይስ ሳያነበው? ከቫት በፊት ያለውን ዋጋ የሚቀበል ማሽን ያላችሁ ልብ በሉ። ካርዱ ላይ 54 ብር ከለጠፋችሁ ማሽኑ ውስጥ የሚገባው 54 ለ1.15 ተካፍሎ ነው። ከ54 ላይ 15 በመቶ ቀንሳችሁ 45.90 የምታስገቡ አላችሁ፤ ደረሰኙ 52.79 ያወጣል፣ ከእያንዳንዱ ዕቃ 1 ብር ከ21 ሳንቲም ይጎድልባችኋል። በትክክል ስታካፍሉት 46.9565 ይመጣል። ማሽኑ ሳንቲም ድረስ ብቻ ስለሚይዝ 46.96 ብትሉት ለአንዱ 54.00 ያወጣል፣ ደንበኛው ስድስት ሲገዛ ግን 324.02 ይላል። በካርዱ ስሌት 324 ነው። ሁለት ሳንቲም ናት፣ ግን ከተለጠፈው በላይ ናት፣ ነገር የሚፈልግ ተቆጣጣሪ ከደረሰኙ ላይ ያነባታል። ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ ታች ቁረጡ፦ 46.95። በዚህ ስሌት ድምሩ ከካርዱ አይበልጥም። ከቫት ነፃ የሆኑ ዕቃዎችን ደግሞ በራሳቸው የታክስ ምድብ መዝግቧቸው፤ አለዚያ ማሽኑ 15 በመቶ ይጭንባቸዋል፣ ካርዱም ዋሽቶ ይገኛል።

ሸቀጣሸቀጥ፦ ይኼ አባሪ ሆኖ ይግባ። ሌላም ይጨመር፦ የኪሎና የሊትር ዋጋ በትንሹ ከታች ይጻፍ። 800 ሚሊ ሊትሩ 200 ብር፣ 1 ሊትሩ 240 ቢሆን ደንበኛው 200ውን ርካሽ ብሎ ያነሳል፤ በሊትር ሲሰላ ግን 250 ነው። ቢሮው ሸማቹን የሚጠቅም ነገር ሲያይ ማስጠንቀቂያውን በቀላሉ ይሰጠናል።

ሱፐርማርኬት፦ እኔ እደግፋለሁ፣ ቦታ ግን ይፈልጋል። 9 በ5 ላይ ዋጋው 1.5 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይዞ፣ የዕቃው ስምና መጠኑ ተጽፎ፣ ለሊትር ዋጋ የሚተርፈው አንድ ቀጭን መስመር ነው። ነጭ ላይ ትንሽ ጽሑፍ ይነበባል። ቢጫ ላይ አይነበብም።

ጨርቃጨርቅ፦ ዞሮ ዞሮ እዚያው!

ሱፐርማርኬት፦ እዚያው ነው፣ ምክንያቱም መልስ አላገኘሁም።

ጨርቃጨርቅ፦ መልሱ ተሰጥቷል፣ አልወደድከውም እንጂ። ማኅበሩ የመደርደሪያ ባለቤቶች ብቻ አይደለም። እኛ የምንለጥፈው መደርደሪያ ላይ ሳይሆን በታግ ሽጉጥ ልብሱ ላይ ነው፣ በመርፌው ስፌቱ ላይ ወይም የብራንዱ ምልክት ላይ፤ ጨርቁን ከወጋው ቀዳዳው ይቀራል። ቢጫ ታግ በጥቁር ኮት ላይ ይታያል፣ በነጭ ሸሚዝ ላይም ይታያል። ነጭ ታግ ነጭ ሸሚዝ ላይ ጠፍቶ ተቆጣጣሪው «አልተለጠፈም» ቢለኝ አንተ ነህ የምትከፍልልኝ?

ሱፐርማርኬት፦ ታጉን እጁ ላይ ይዞ ያላየ ተቆጣጣሪ ቀለም አይረዳውም።

ጨርቃጨርቅ፦ አፍህን ሰብሰብ አድርግ።

ሊቀመንበር፦ ልጆች፣ ይበቃል። ለወረቀት ቀለም ይህን ያህል ጉንጭ አልፋ ክርክር አያምርም። አንደኛውና ሁለተኛው ነጥብ ላይ ማን ምን አለ?

ሱፐርማርኬት፦ ጋሼ፣ ይቅርታ። እትዬንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቢጫው ላይ ግን እንደጸናሁ ነኝ።

ጨርቃጨርቅ፦ ይቅርታውን ተቀብያለሁ። ቢጫው ላይ እኔም እንዲሁ። አንደኛው ነጥብ ላይ የምለው አለ፦ ረቂቁ ገጽ 2 ላይ «የተለጠፈው ዋጋ ጣሪያ ነው» የሚል አለ። ይውጣ። በ2003 የዋጋ ጣሪያ ሲታወጅ ዕቃ ከገበያ እንዴት እንደጠፋ እናውቃለን፤ ያንን ቃል በራሳችን ደብዳቤ ምን አመጣው? እኛ ዘንድ ደንበኛ ተከራክሮ ያስቀንሳል፤ «ከተለጠፈው በላይ አይሸጥም፣ ዝቅ ማድረግ ይቻላል» ቢባል በቂ ነው።

ጸሐፊ፦ ጣሪያ የሚለው ወጥቷል።

ሸቀጣሸቀጥ፦ ወጥ ቅጹ ውስጥ ምን እንደሚገባ እስካሁን ማንም አልጻፈም፣ ዋናው እሱ ሆኖ ሳለ። እኔ ልጀምር። ዝርዝር ከሆነ፦ ደንበኛው ከሚቆምበት ሳይጠጋ መነበብ አለበት፣ የወጣበት ቀን ይጻፍበት፣ ዋጋው ተሰርዞ በላዩ ከተጻፈ ተቀባይነት የለውም፣ አዲስ ይታተም። በኪሎ የሚሸጥ ከሆነ ካርዱ ጆንያው ላይ ይሰካ፤ ሚዛኑ ላይ ብቻ ተለጥፎ የትኛው ምስር እንደሆነ አይታወቅም። የተቆለፈ መስታወት ውስጥ ያለ ዕቃ ካርዱ ወደ ውጭ ይዙር። ፍሪጅ ውስጥ ያለ ካርዱ በሩ ላይ ይሁን፣ ውስጥ ላብ ያጠፋዋል። ሌሎቻችሁ በየዘርፋችሁ ጨምሩ።

ኮስሞቲክስ፦ የዋጋ ስቲከር በባርኮዱ ላይ እንዳይለጠፍ ብላችሁ ጨምሩ። የማብቂያ ቀኑን የሸፈነ ስቲከር ደግሞ ጭራሽ ካለመለጠፍ ይብሳል። ሮዙን አንስቻለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ። ካርዱን ማኅበሩ ራሱ ያሳትም፣ አርማችን ያረፈበት። ለአባላት በትንሽ ትርፍ እንሽጥ። የዓመት መዋጮ የከፈለው ከግማሽ በታች ስለሆነ ሣጥኑ ባዶ ነው። ደብዳቤው ላይም «የማኅበሩን ካርድ የለጠፈ አባል እንደለጠፈ ይቆጠር» ብለን እንጠይቅ።

ሱፐርማርኬት፦ ይኼ ጥሩ ነው። ግን አርማው ቡኒ ስለሆነ ቢጫ ላይ አያምርም።

ጨርቃጨርቅ፦ አርማው ቡኒ የሆነው ማኅተሙ ስላረጀ ነው፣ ዋናው ቀይ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ ወረቀቱ የማኅበሩ መሆኑ ዋጋው ትክክል መሆኑን አያሳይም። ባለ አርማ ካርድ ላይም የቆየ ዋጋ ሊኖር ይችላል። ቢሮው ይህንን የሚቀበልበት ምክንያት አይታየኝም። ደግሞም ካርድ ሻጭ ማኅበር ስለ ካርድ መመሪያ ሐሳብ ሲያቀርብ ምን እንደሚመስል አስቡት።

ገንዘብ ያዥ፦ ሣጥኑ ባዶ ነው አልኩህ፣ ወንድሜ።

ሸቀጣሸቀጥ፦ ካርዱን መሸጥ እደግፋለሁ፣ በዱቤ ከሆነ።

ጸሐፊ፦ ረቡዕ አለፈ። የማተሚያ ቤት ዋጋ አመጣለሁ ያለው አባል የት ደረሰ?

ጸሐፊ፦ ሐሙስ ነው ዛሬ። ስልኩም አይነሳም። ሌላ የሚሄድ አለ?

ኮስሞቲክስ፦ ስንት ካርድ እንደሆነ ሳይታወቅ ማተሚያ ቤት ዋጋ አይሰጥም። ብዛቱንና ቀለሙን ወስኑ።

ሱፐርማርኬት፦ ሁለት ቀለም ይታተም። ነጭ ለመደርደሪያ፣ ቢጫ ለልብስና ለጫማ።

ጨርቃጨርቅ፦ ወጥ ይሁን ብለን ቢሮውን እየጠየቅን እኛው ሁለት ቀለም?

ሊቀመንበር፦ እንግዲያው ሁለቱንም ናሙና አባሪ አድርገን እንላክ፣ ቢሮው ይምረጥ። ነገሩም ይብረድ።

ሱፐርማርኬት፦ በዚህ እስማማለሁ።

ጨርቃጨርቅ፦ እኔም። ቢጫው ከላይ ይያያዝ።

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 3 እንዲህ ሆኗል። ጥያቄ አንድ፦ ቢሮው የማኅበሩን የዋጋ ካርድ እንዲያውቅልን። ጥያቄ ሁለት፦ ከሁለቱ ቀለም አንዱን መርጦ እንዲያሳውቀን። የወጥ ቅጹ ዝርዝርና የማስጠንቀቂያው ጉዳይ ደብዳቤው ከአንድ ገጽ እንዳያልፍ ወደ አባሪ 3 ተዛውረዋል። አባሪ 1 ቢጫ ናሙና፣ አባሪ 2 ነጭ ናሙና። የቫቱ ስሌት ለአባላት ለብቻ ይበተናል። የሊትር ዋጋው ቦታ ስላጣ ወጥቷል።

ሸቀጣሸቀጥ፦ ለሱቅ መታሸጉ ብለን አይደል እንዴ የተሰበሰብነው?

ጸሐፊ፦ አባሪ 3 ላይ አለ።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ አንድ ነገር ሳታዩት እንዳይሄድ። አዋጁ ስለ ወረቀት ቀለም የሚለው ነገር የለም። ቢሮው ቀለም ይምረጥልን ብለን በጽሑፍ ከጠየቅን፣ ነገ በተመረጠው ቀለም ያልለጠፈ ሰው «ተገቢ ባልሆነ ካርድ» ተብሎ ሊታሸግ ይችላል። እስከ ዛሬ ያልነበረ ጥፋት በራሳችን እጅ እየፈጠርን ነው። ጥያቄ ሁለት ይሰረዝ።

ሱፐርማርኬት፦ ነጭ ከተመረጠ ችግር የለውም።

ጨርቃጨርቅ፦ ለማን ነው ችግር የሌለው?

ሒሳብ ሠራተኛ፦ ጋሼ ሊቀመንበር፣ ይታይልኝ።

ጸሐፊ፦ አስተያየቱ በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ደብዳቤው ግን ጠዋት ወጪ ሆኗል።

ገንዘብ ያዥ፦ የምትፈልጉትን የካርድ ብዛት እስከ ሰኞ አስመዝግቡ። ቀለም አትጻፉ፣ ብዛት ብቻ። ግማሽ ክፍያ በቅድሚያ ነው፣ ዱቤ የለም።