ትኩስ እንጀራ በምን ይታሸግ? ለጋራ ፕሮፖዛላችን የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊዋ

ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ ተጨቃጭቀን ያልጨረስነውን እዚህ እንጨርሰው።

ነገሩን ላልነበራችሁ ላስታውስ። በአሜሪካ ዋና ከተማ ዙሪያ ያለን የሐበሻ ምግብ ሻጮች ማኅበር ነን፤ ግማሾቻችን ሜሪላንድ ነን፣ ጥቂቶች ዋሽንግተን ዲሲ፣ የቀረነው ቨርጂኒያ። የምንሸጠው ያው እንጀራ፣ ወጥና ሳምቡሳ ነው። ዕቃ የምንገዛውም ከእነዚያው ጅምላ ሻጮች ነው። ሕጉ ግን ድልድይ በተሻገርን ቁጥር ይለዋወጣል። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ዲሲ ፎም የሚባለውን ቀላል ነጭ የፕላስቲክ ማሸጊያ የከለከለችው በጃንዋሪ 2016 ነው። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ የምግብ ዕቃው ወይ የሚበሰብስ ወይ ሪሳይክል የሚሆን ይሁን ብላለች። ሜሪላንድ ፎምን በኦክቶበር 2020 ከለከለች። ቨርጂኒያ ቀኑን ስታራዝም ከርማ በመጨረሻ 20 እና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ላላቸው ጁላይ 2025፣ እንደ እኛ ላሉት ጁላይ 2026 አለች።

ረቂቄ አጭር ነው። አባላት በሙሉ ፕላስቲክ ትተን ወደ ወረቀትና ወደሚበሰብስ ዕቃ እንግባ፤ በጋራ እንግዛና ዋጋ እናስቀንስ። ሐሳብ ስጡበት። እባካችሁ የድምፅ መልእክት ይቅር። ባለፈው 11 ደቂቃ ያወራ ሰው ራሱን ያውቃል።

ባለ ሬስቶራንቱ፣ አሌክሳንድሪያ

ራሴን አውቃለሁ፣ ይቅርታ።

ግን ስለዚህ "የሚበሰብስ" ዕቃ ላውራ፤ ሞክሬዋለሁና። ከበቆሎ የተሠራ፣ እንደ ብርጭቆ የሚያበራ፣ ዓይን የሚሞላ ነገር ነበር። ሻጩ ዓለምን አዳንክ ብሎኝ ሄደ። ሽሮ እየተንተከተከ ገለበጥንበት። ደንበኛዬ መኪናው ጋ ሳይደርስ ዕቃው እንደ ሰም ተጣመመ፣ ሽሮው ወንበሩ ላይ ፈሰሰ። የመኪና ማሳጠቢያ ከፈልኩ። ይሄን ነገር አባላት ሁሉ ግዙ ካላችሁ እኔ የለሁበትም።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ

ጋሼ፣ የገዙት ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ ነው። 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። ለቲማቲም ፍትፍት ይሆናል፣ ለሽሮ አይሆንም። መበስበሱም ቢሆን ጓሮ ውስጥ አይደለም። የኮምፖስት ፋብሪካ ይፈልጋል፤ እዚያ ወደ 58 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ሳምንታት መቆየት አለበት። ከተራው ቆሻሻ ጋር ከተጣለ እንደማንኛውም ፕላስቲክ ተቀምጦ ይኖራል። የከፈሉት ብር ለስሙ ነው።

ወረቀቱም ቢሆን እንደምናስበው ንጹሕ አይደለም። ከተጨመቀ ሸንኮራ አገዳ የሚሠራውን ነጩን ሳህን ታውቁታላችሁ። ሙቀት ይችላል። ዘይት እንዳያሳልፍ ግን ለዓመታት ፒፋስ ይጨመርበት ነበር። ይህ የኬሚካል ቤተሰብ በአካባቢም በሰውነትም ውስጥ በቀላሉ አይፈርስም። ዴንማርክ በ2020 ከምግብ ወረቀትና ካርቶን አስወጣችው። ሜሪላንድ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ሆን ተብሎ የተጨመረበትን ከልክላለች። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ፣ ዘይት መከላከያ የሆኑት ፒፋሶች አሜሪካ ውስጥ ለምግብ ማሸጊያ መሸጣቸው ማቆሙን አስታወቀ። ያ የሚመለከተው ግን አዲስ የሚሸጠውን ነው። ምድር ቤታችሁ ውስጥ ከኮቪድ ዘመን የተረፈ ካርቶን ካለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። "ርካሽ አገኘሁ" የምትሉትም እንዲሁ።

ስለዚህ "ወረቀት ጥሩ፣ ፕላስቲክ መጥፎ" የሚለው ዓረፍተ ነገር ከረቂቁ ይውጣ።

አባል፣ ዲሲ

ጥቁሩስ? ልጄ ጥቁር ፕላስቲክ መርዝ ነው የሚል ነገር አሳየችኝና ቤት ያለውን ጭልፋ ሁሉ ጣልኩ። ሬስቶራንቱ ውስጥ ደግሞ የምሸጥበት ዕቃ በሙሉ ጥቁር ነው! አሳፈረኝ።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ

እህቴ፣ ጭልፋውን ባትጥዪው ጥሩ ነበር። በ2024 የወጣው ጥናት ከተጣለ ኤሌክትሮኒክስ የመጣ እሳት መከላከያ ኬሚካል በጥቁር የወጥ ቤት ዕቃ ውስጥ አግኝቷል፤ ያ እውነት ነው። አደጋውን ሲያሰሉ ግን ማባዛት ተሳሳቱ። የ60 ኪሎ ሰው ወሰን በቀን 7,000 ናኖግራም በኪሎ ነው፤ ሲባዛ 420,000 ይሆናል። እነሱ 42,000 ብለው ጻፉ። ሰው ሊወስድ ይችላል ብለው የገመቱት 34,700 ነበር። ስለዚህ የወሰኑ አፋፍ ላይ የደረሰ መሰለ፤ በትክክለኛው ስሌት ግን አንድ አሥረኛውም አይሞላም። መጽሔቱ እርማት አውጥቷል። እርማት ደግሞ እንደ ዜናው አይሮጥም።

ያም ሆኖ ጥቁሩን እንተው ባይ ነኝ። ምክንያቴ ሌላ ነው። የሪሳይክል ማሽኖች ፕላስቲክ የሚለዩት በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ጥቁር ያደረገው ካርቦን ብርሃኑን ይውጠዋል፣ ማሽኑ ዕቃውን አያየውም። ደንበኛሽ አጥባ ለሪሳይክል ብታወጣውም ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ቆሻሻ ነው። ያው ሥሩ ላይ ቁጥር 5 ያለበት ፕላስቲክ በነጭ ወይም በግልጽ አለ።

እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ልጆቼ፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሁላችሁም ስለ ሳህን ነው የምታወሩት። የእኔ ዕቃ ላስቲክ ነው። ላስቲኬን ማንም አላነሳውም።

እውነቱን ልናገር፤ እዚህ የምንደባበቅ አይደለንም። እንጀራው በርዶ መታሸግ አለበት፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። እናቴ ከምጣድ አውጥታ ሰፌድ ላይ ሳታበርድ መሶብ ውስጥ አትከተውም ነበር። እኔ ግን ሌሊት ተነስቼ ጋግሬ፣ ሹፌሩ በር ላይ ሆኖ ክላክስ ሲያደርግ፣ የመጨረሻው ዙር ሙቀቱ ሳይወጣ ይታሸጋል። ውስጡ ያልበዋል። በሦስተኛው ቀን ሻገተ ተብሎ ይመለሳል። ባለፈው በጋ 40 ላስቲክ ተመልሶልኛል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ያ ላስቲክ ለትኩስ ነገር የተሠራ ነው ወይ? የሸጠልኝን ልጅ ብጠይቀው "ፉድ ግሬድ ነው እማማ"፣ ለምግብ የሚሆን ነው ለማለት፣ ብሎ ስልኩን ዘጋ።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ

እትዬ፣ ሦስት ቀን ስንዞር የቆየነውን እርስዎ በአንድ ጥያቄ ጨረሱት።

"ፉድ ግሬድ" ብቻውን ምንም አይነግረንም። እዚህ አገር በ1958 በወጣው ሕግ መሠረት ከማሸጊያ ወደ ምግብ ሊሾልክ የሚችል ነገር እንደ ምግብ ጭማሪ ይታያል። ፈቃዱ ደግሞ ለምን ዓይነት ምግብ፣ በስንት ሙቀት የሚለውን ይዞ ነው የሚመጣው። ኤፍዲኤ የአጠቃቀሙን ሁኔታ በፊደል ይለያል። ከ150 ዲግሪ ፋራናይት በላይ እየሞቀ የሚሞላ ሲ ነው። ከዚያ በታች ሞቆ የሚሞላ ዲ። በክፍል ሙቀት የሚሞላና የሚቀመጥ ኢ። ኤፍና ጂ ለማቀዝቀዣና ለፍሪዘር ናቸው። የዳቦ ላስቲክ ለኢ ቢፈቀድ ማንም አይቸገርም፤ ዳቦ በርዶ ነው የሚታሸገው። እኛ ግን ያንኑ ላስቲክ ለትኩስ እንጀራ እንጠቀምበታለን።

ከላስቲክ ወደ ምግብ የሚሾልከውን ነገር አራት ነገሮች ይጨምሩታል፦ ሙቀት፣ ኮምጣጣነት፣ ቅባትና ጊዜ። እንጀራችን ይኮመጥጣል። ወጣችን ቅባት ነው። ትኩስ እናሽጋለን። ደንበኛው አራት ቀን ያስቀምጠዋል። አንዱም አይቀረን!

እንግዳ፣ ፍራንክፈርት

ጸሐፊዋ ስለጋበዘችኝ አመሰግናለሁ። እዚህ ትንሽ የእንጀራ ሱቅ አለኝ።

በአውሮፓ ሕብረት ፕላስቲክ የሚፈተነው በእውነተኛው ምግብ ሳይሆን በተወካይ ፈሳሽ ነው። ለኮምጣጣ ምግብ 3 በመቶ የኮምጣጤ አሲድ ውኃ፣ ለቅባታም ምግብ የአትክልት ዘይት። ከ1 ካሬ ዴሲሜትር ፕላስቲክ የሚሾልከው በድምሩ ከ10 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። የእኛ ትሪ እንግዲህ ሁለቱንም ፈተና ይፈልጋል፤ እንጀራው የመጀመሪያውን፣ ዶሮ ወጡ ሁለተኛውን። ሻጩ በሕግ የተስማሚነት መግለጫ የሚባል ወረቀት መስጠት አለበት። ተቆጣጣሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው።

አዲሱ የማሸጊያ ደንብ ደግሞ ከኦገስት 12 ቀን 2026 ጀምሮ በምግብ ማሸጊያ ላይ የፒፋስ ወሰን ያስቀምጣል። ከቆርቆሮና ከሌሎች የምግብ ዕቃዎች ቢስፌኖል "ኤ" የሚባለውን ኬሚካል የሚያስወጣው ደንብም በጃንዋሪ 2025 ሥራ ጀምሯል። እናንተ ጋ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ላይ ይሄ ገና አልደረሰም መሰለኝ።

ጀርመን ከ2023 መጀመሪያ አንስቶ ምግብ ይዞ ለሚሄድ ሰው ተመላሽ ዕቃም አማራጭ አድርገን እንድናቀርብ ታስገድዳለች። እንደ እኔ ከ5 ሠራተኛና ከ80 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ቤት ደንበኛው ይዞት በመጣው ዕቃ ቢሞላ ይበቃዋል። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ሰው ድስት ይዞ ሲመጣ ለቅሶ ቤት መሰለኝ። አሁን ለምጄዋለሁ።

ባለ ሬስቶራንቱ፣ አሌክሳንድሪያ

እኛ እኮ አገልግል ነበረን! መንገደኛ በአገልግል ነበር የሚሸኘው። ቆዳ የለበሰ፣ ክዳን ያለው፣ ተመላሽ። ባዶውን መመለስም ነውር ነው። ጀርመን አሁን ደረሰችበት።

ገንዘብ ያዥ

ጋሼ፣ እርስዎ ለደንበኛ ያዋሱት የአይዝጌ ብረት ሰሃን ተመልሶ ያውቃል? እኔ ቤት አንድም አልተመለሰም። ማስያዣ ገንዘብ ካልተቀበልን ተመላሽ የሚባል ነገር የለም። የካውንቲውን ጤና ተቆጣጣሪም ቀድመን እንጠይቅ፤ የሰው ዕቃ ወጥ ቤት ውስጥ ይግባ አይግባ የሚለው የእሱ ጉዳይ ነው።

የእኔ ስጋት ሌላ ነው። ሁሉን ነገር ፕሮፖዛሉ ውስጥ ከጨመርን ትንንሾቹ አባላት ይወጣሉ። እኔ የምደግፈው አንድ ነገር ነው፤ በጋራ ማዘዝ። አንድ ሰው ሁለት ካርቶን እየገዛ ያን ዓይነት የተስማሚነት ደብዳቤ ቢጠይቅ ስልክ ይዘጋበታል፤ እትዬ ነግረውናል። ሁላችንም በአንድ ትዕዛዝ ከመጣን ግን ደብዳቤ ያልሰጠ አይሸጥም።

አስመጪው

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስለማስመጣው እንጀራም አትርሱ። እዚያ በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 513 ስሱ ፌስታል፣ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነው፣ ተከልክሎ ነበር። ገበያው ግን አልሰማም። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ጠንከር ያለ አዋጅ አጽድቋል፤ አሁን ፌስታል መያዝም ያስቀጣል። አቅራቢዎቼ ተደናግጠው ይደውሉልኛል። ፌስታልና የምግብ ማሸጊያ ላስቲክ አንድ አይደሉም እላቸዋለሁ። እዚህም እኮ ነው፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ የከለከለው ካሸር ላይ የሚሰጠውን ፌስታል ነው። ፕሮፖዛሉ ላይ ሁለቱን በየስማቸው እንጻፋቸው፤ አለበለዚያ እኛው ራሳችን እናምታታቸዋለን።

ጸሐፊዋ

እሺ። የመጀመሪያውን ረቂቅ ጣልኩት። አዲሱን በአጭሩ እነሆ።

የምንጀምረው "ምን ዓይነት ዕቃ" ከሚለው ሳይሆን "ምን ምግብ፣ በስንት ሙቀት፣ ለስንት ቀን" ከሚለው ነው። እያንዳንዱ አባል የሚሸጠውን በዚህ መልክ ጽፎ ይልካል። በዚያ ላይ ተመሥርተን አንድ የጋራ ትዕዛዝ እናወጣለን። ሻጩ የአጠቃቀሙን ሁኔታ በፊደል የሚለይና ፒፋስ እንዳልተጨመረ የሚገልጽ ደብዳቤ ካልሰጠ አንገዛም። ከሦስቱ ግዛቶች የጠበቀውን ሕግ ለሁላችንም መለኪያ እናደርጋለን፤ የቨርጂኒያ አባላት ትንሽ ይከብዳችኋል፣ ግን ሕግ በተቀየረ ቁጥር ካርቶን ከመጣል ይሻላል። ፎም ወዲያው ይቆማል። ጥቁር ዕቃ ያላችሁን ጨርሱ፣ አዲስ አትዘዙ። ተመላሽ ዕቃውን በማስያዣ ሁለት ቤት ብቻ ይሞክሩት፤ ጋሼ አገልግል ስላሉ አንደኛው እሳቸው ናቸው።

የእንጀራ ላስቲክ ላይ ግን የምጽፈው ገና አልያዘልኝም። "ሳይበርድ አይታሸግ" ብዬ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ለመጻፍ ቀላል ነው።

እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጻፊው ልጄ፣ ግን ማሟያውንም ጻፊ። ለማብረድ ቦታ ያስፈልጋል። መደርደሪያ ያስፈልጋል፣ ማራገቢያ ያስፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ 40 ደቂቃ ያስፈልጋል። ሬስቶራንቶቹ ደግሞ እናንተ ናችሁ "እትዬ ከ12 ሰዓት በፊት ይድረስልን" የምትሉት። እናንተ አንድ ሰዓት ብትታገሡኝ እኔ አንድም ትኩስ አላሽግም።

ባለ ሬስቶራንቱ፣ አሌክሳንድሪያ

ይሄ ለእኔ ነው። ከ1 ሰዓት ይሁንልኝ።

አባል፣ ዲሲ

ለእኔም።

ገንዘብ ያዥ

ሁለት መደርደሪያ ከማኅበሩ ሣጥን ይቻላል። ሦስተኛውን እናያለን። ማራገቢያ እኔ ቤት ትርፍ አለ፣ ትንሽ ይጮኻል።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ

ቁጥሩን ሳንለካ አንጻፍ። እንጀራው ከምጣድ ወጥቶ በስንት ደቂቃ ስንት ዲግሪ ይደርሳል? መሐል ለመሐል ሲደራረብ ከዳሩ ይለያል። ቴርሞሜትር አመጣለሁ። እትዬ፣ መቼ ይመቻል?

እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። በኋላ በር ነው የምትገቡት። ጸጉራችሁን ሸፍናችሁ ኑ፤ የሚያዛጋ ሰው ቡና አያገኝም።