የኔብራስካው ሱ፦ የመሃል ተከላካይ በምን ይመዘናል?

ጥያቄ (ከመስቀል አደባባይ አካባቢ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ ተሰብስበን የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል እናያለን። ስለ ቀድሞው የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ የመሃል ተከላካይ ስለ ንዳሙኮንግ ሱ ሁሉም ያወራል፤ ግን ኳስ የማይዝ፣ ነጥብ የማያስቆጥር ሰው የዓመቱ ምርጥ የሚባለው በምን ተለክቶ ነው? ቪዲዮውን ስናይስ ዓይናችን የት ይረፍ?

መልስ (ከአራት ኪሎ)

ዓመቶቹን በፈረንጅ ያዙልኝ። በ2009 ሱ 85 ታክልና 12 ሳክ ነበረው። ታክል ኳስ የያዘውን ተጫዋች ይዞ መጣል ነው። ሳክ ደግሞ ኳርተርባኩን (ማጥቃቱን የሚመራውን ኳስ ወርዋሪ) ኳስ ሳይለቅ መጣል ነው። ከጫፍ ለሚሮጥ ተከላካይ 12 ጥሩ ነው፤ መሃል ቆሞ ሁለት ሁለት ሰው ለሚገፋው ተከላካይ ግን እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በዚያ ዓመት የአሶሺየትድ ፕሬስን የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ወሰደ፤ ከተከላካዮች የመጀመሪያው እሱ ነው። ሄይዝማን በሚባለው ሌላ የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ላይ 4ኛ ወጣ፣ በ2010 ድራፍት (የፕሮፌሽናል ቡድኖች አዲስ ተጫዋች መምረጫ) ዲትሮይት በ2ኛነት መረጠው።

ከሁሉ በፊት የዚያን ዓመት የቢግ 12 (የኔብራስካ ሊግ) ፍጻሜውን እዩት። የቴክሳሱን ኳርተርባክ ኮልት ማኮይን 4.5 ጊዜ ጥሎታል (ግማሿ ከጓደኛው ጋር የተካፈላት ናት)። ጨዋታው አለቀ ሲባል ሰዓቱ ላይ 1 ሴኮንድ ተመልሶ ቴክሳስ በ46 ያርድ ምት 13 ለ 12 አሸነፈ። የተሸነፈው ቡድን ተጫዋች ሆኖ ሳለ ዛሬም ስሙ የሚነሳው የእሱ ነው።

መልስ (ከካዛንቺስ)

ኳሱን አትከተሉ፤ 93 ቁጥርን ብቻ ተመልከቱ። ኳሱ ከመሬት ሲነሳ ቪዲዮውን አቁሙና ቀጣዮቹን 2 ሴኮንዶች ቀስ አድርጋችሁ አስኪዱ፤ አንድ ጊዜ እግሩን፣ አንድ ጊዜ እጁን ለማየት ደጋግሙት።

የሱ ጉልበት ያለው እጁ ላይ ነው። እጆቹ ከአጋጁ (መንገድ ሊዘጋበት ከሚመጣው ተጋጣሚ) እጅ ቀድመው በአጋጁ ደረት ላይ ያርፋሉ፣ ክንዱን ዘርግቶ ያርቀዋል፣ ኳሱ ወዴት እንደሄደ ካየ በኋላ ነው ወደ ጎን የሚጥለው። ጀማሪ የሚሳሳተው ቀና ብሎ ሲነሳ ነው፤ አጋጁ ብብቱ ስር ይገባና እንደ በር ገፍቶ ይከፍተዋል። ሌላው ጥፋት ሳክ ፍለጋ በጭፍን ወደ ፊት መሮጥ ነው፦ የለቀቀው ክፍተት ለሯጩ መንገድ ይሆናል።

ሁለት ሰው ሲመጣበት ጉልበቱን ዝቅ አድርጎ አንድ ትከሻውን በመሃላቸው ያስገባ እንደሆነ እዩ። ቦታውን ካልለቀቀ ከኋላው የሚቆመው ተከላካይ፣ ላይንባከሩ፣ ነፃ ሆኖ ሯጩን ይጥላል። ታክሉ የሚመዘገበው በላይንባከሩ ስም ነው፤ በእኔ እምነት ግን የመሃል ተከላካይ ዋጋ ግማሹ እዚህ ነው።

ጠያቂው

ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። የቴሌቪዥን ምስል ይበቃል?

መልስ (ከካዛንቺስ)

ሱ ለሚቆምበት የፊት መስመር ይበቃል፤ ከካሜራው የሚወጡት ርቀው የሚቆሙት የኋላ ተከላካዮች ናቸው። ቀጥታ ስርጭት ካላችሁ፣ በምሥራቅ አሜሪካ እኩለ ቀን የሚጀምረው ጨዋታ ለእኛ ምሽት 1 ሰዓት ነው፤ በጥቅምት ማለቂያ ሰዓታቸውን ሲመልሱ 2 ሰዓት ይሆናል።