የዚህን የቢራ ሌብል ዕድሜ እንዴት ልወቅ?
ሰላም ወገኖች፣ እስቲ ተባበሩኝ። የተዘጉ የእንግሊዝ አካባቢያዊ ቢራ ፋብሪካዎችን ሌብል እሰበስባለሁ። አንዱ ግን አላላውስ አለኝ። ሞላላ ነው፤ መሃሉ ላይ የገብስ ዛላና ሁለት ሜዳሊያ አለው። ዓመት የሚባል ነገር የለበትም።

ሜዳሊያውን አላምነውም፤ ፋብሪካዎቹ የድሮ ሽልማታቸውን ለዓመታት ያትሙት ነበር። «የተመዘገበ የንግድ ምልክት» ይላል። እዚያ ምዝገባ የተጀመረው በ1876 እ.ኤ.አ. ነው (ቀዳሚው የባስ ቢራ ቀይ ሦስት ማዕዘን ነበር)። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ነው፤ ግን መቼ?

በአጉሊ መነጽር ሳየው የቀለሙ ነጥቦች በረድፍ አልተሰደሩም። የድንጋይ ሊቶግራፍ (ሥዕሉ ድንጋይ ላይ ተሠርቶ የሚታተምበት የድሮ ዘዴ) መሰለኝ። የአሜሪካ ቢሆን እኮ በተገላገልኩ! ከ1933 እስከ 1950 ሌብላቸው ላይ ታክስ መከፈሉ ይጻፍ ነበር።

ዘመኑን ለማጥበብ ሌላ ምን ልይ? ጀርባው ላይ የደረቀውን ሙጫስ ልንካው ወይስ ይቅርብኝ?